«የለም» ባዩ ስክሪን፦ የጎደለ ላይብረሪ ፍለጋ ታሪክ

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ነው። አራት ልጆች ነበርን፤ አንድ ክፍልና አንድ ኮምፒውተር በጋራ። ኮምፒውተሩ ራሱ ከየቦታው የተለቃቀመ ነው፤ ስክሪኑ ከአንዱ ዘመድ፣ ሃርድ ዲስኩ ከሌላው። ዊንዶውሱን ቫይረስ ከጨረሰው በኋላ ከመካከላችን አንዱ «ይሄን ቫይረስ አይነካውም» ብሎ ጥቂት የሊኑክስ ሲዲዎች ይዞ መጣ። ጫንነው። ሠራ። ደስታችን ግን ሁለት ቀን አልቆየም፤ ቻት አማረን።

ሲዲው ላይ የነበረው የቻት ፕሮግራም ጌይም ይባላል፤ በዓመቱ ስሙ ተቀይሮ ፒጂን የተባለው ነው። የኛው አሮጌ ነበር፤ አዲሱ ወጥቷል ተባለ። ኢንተርኔት ካፌ ሄድን፣ በደቂቃ እየተቆጠረብን ሶርስ ኮዱን አወረድን፣ በፍላሽ ይዘን ተመለስን። አብሮት የመጣው መመሪያ ሦስት ትእዛዝ ብቻ ነበረው፦ «ኮንፊገር»፣ «ሜክ»፣ «ሜክ ኢንስቶል»። ምን ይከብዳል?

የመጀመሪያውን ጻፍን። ስክሪኑ እንደ ቆጠራ ሠራተኛ መጠየቅና ለራሱ መመለስ ጀመረ። ኮምፓይለር አለ? አለ። ይሠራል? ይሠራል። ይሄ አለ? አለ። ያ አለ? አለ። ከብዙ «አለ» በኋላ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ፦ ጂሊብ የለም። አለቀ።

ተመልሰን ካፌ። ጂሊብን አመጣን፤ ቀጥሎ ደግሞ ጂቲኬ የለም አለን። ተመልሰን ካፌ። ጂቲኬን ስናመጣው እሱም በተራው ጠያቂ ሆኖ አረፈው፦ ፓንጎ አለ? ኤቲኬ አለ? ካይሮ አለ? ፓንጎ ደግሞ ፍሪታይፕና ፎንትኮንፊግ ካልመጡልኝ አለ። ፎንትኮንፊግ ኤክስፓትን ጠራ። ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው፤ ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልለን ስንመላለስ ሁለት ሳምንት አለፈ። የካፌው አስተናጋጅ «ዛሬስ ማን ጎደለ?» ብሎ ይቀበለን ጀመር።

በመጨረሻ አንድ ከኛ ቀድሞ በነገሩ የቆሰለ ታላቃችን መጥቶ ስክሪኑን አየ። ሲዲዎቻችንንም አገላበጠ። «እናንተ ልጆች» አለን፣ «የፈለጋችሁት ሁሉ እኮ እጃችሁ ላይ ነው!» ምን ማለቱ እንደነበር ኋላ ላይ እንመጣበታለን። ለጊዜው ግን ይህችን «የለም» የምትል መልስ እንያዛት፤ ታሪክ አላትና። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ፤ በንዴት የጀመረ፣ በብልሃት ያደገ፣ በ2024 ደግሞ ዓለምን ሊያስለቅስ ለጥቂት የሳተ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዶሮ ወጡ ነገር

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ነገሩን እናጥራ። ፕሮግራመር የሚጽፈው ሰው ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ነው፤ ሶርስ ኮድ ይባላል። ማሽኑ ግን ይህን ጽሑፍ አይረዳም። ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚያዞረው ኮምፓይለር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ነው። ብዙዎቻችን የምናወርደው ተዘጋጅቶ ያለቀውን ነው፤ እኛ በዚያ ክረምት ያወረድነው ግን ጽሑፉን ነበር።

አሁን ደግሞ ጥገኝነቱ። ዶሮ ወጥ የምትሠራ እናት በርበሬውን ያን ዕለት ስትቀነጥስ አትውልም። በርበሬው ቀድሞ ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ያለ ነው። ቅቤውም ተነጥሮ ተቀምጧል። በርበሬው በበኩሉ ኮረሪማውንና ሌላውን ቅመም ይፈልጋል፤ ቅቤውም የራሱን። ወጡ አንድ ድስት ይምሰል እንጂ ከበስተጀርባው ሌሎች ድስቶችና ሌሎች እጆች አሉ። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። የቻት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መስኮትና ቁልፍ እንዴት እንደሚሣል ከዜሮ አይጽፍም፤ ሌሎች የጻፉትን ጂቲኬ ይጠቀማል። የጂቲኬ ሰዎች ደግሞ ፊደል እንዴት እንደሚደረደር ከዜሮ አይጽፉም፤ ፓንጎን ይጠራሉ። እነዚህ ለጋራ ጥቅም የተቀመጡ ክፍሎች ላይብረሪ ይባላሉ። «የለም» ማለት እንግዲህ፣ ወጡ ተጥዶ በርበሬው ቤት ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው።

የባከነች አንድ ጠዋት

ወደ 1970ዎቹ እንሂድ፤ ኒው ጀርሲ፣ ቤል ላብስ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 ዩኒክስ የተባለውን ሲስተም ጀምረዋል፤ በ1973 ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ በሲ ቋንቋ እንደገና ተጽፏል። የቤል ላብስ ባለቤት ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በደረሰበት የፍርድ ቤት ስምምነት ምክንያት ከስልክ ውጪ ባለ ንግድ መግባት አይችልም ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ገበያ ከማውጣት ይልቅ ከነሶርስ ኮዱ በትንሽ ክፍያ ለዩኒቨርሲቲዎች ሰጠ። ሶፍትዌርን በጽሑፍ ተቀብሎ በራስ ማሽን ላይ ኮምፓይል የማድረግ ባህል የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። የተቀባዩ ማሽን ከላኪው ማሽን ስለሚለይ ሌላ አማራጭም አልነበረም።

አንድ ቀን ስቲቭ ጆንሰን የተባለ የቤል ላብስ ባልደረባ እየተራገመ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ጠዋቱን ሙሉ የፕሮግራም ስህተት ሲያስስ አጥፍቷል። ስህተቱ ግን ቀድሞ ተስተካክሏል፤ የተስተካከለው ፋይል እንደገና ኮምፓይል አለመደረጉን ነው የረሳው። ማለትም ጤነኛውን ሰው ሲያክም ነው የዋለው። ፌልድማንም ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት በዚሁ በሽታ ተለክፎ አምሽቶ ነበር። ከዚህ ንዴት በ1976 «ሜክ» ተወለደ።

የሜክ ሐሳብ ቀላል ነው። የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመካ በአንድ ወረቀት ላይ ትጽፉለታላችሁ። እሱ ደግሞ የፋይሎቹን ሰዓት ያያል። ሶርሱ ከተሠራው ዕቃ የሚበልጥ ከሆነ፣ ማለትም ከዚያ በኋላ ከተነካ፣ እንደገና ይሠራዋል፤ ካልሆነ ያልፈዋል። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ የኛ ክፍል ይመስክር። ሁለት ሰዓት የፈጀ ኮምፓይል መሐሉ ላይ መብራት ሲሄድ፣ ሲመጣ ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል።

ግን ሰዓት ላይ የተመካ ሁሉ ሰዓት ሲዛባ ይዛባል። የኛ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ስለነበር መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሜክም ፋይሎቹን አይቶ «እነዚህ ነገሮች ወደፊት የተሠሩ ናቸው» እያለ ያስጠነቅቀን ነበር። ስቀን አላበቃንም። የባትሪዋን ዋጋ ስንሰማ ነው ያበቃነው።

ሌላም ጉድ አለ። በሜክ ወረቀት ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር በታብ መጀመር አለበት፤ በባዶ ቦታ ከጀመረ አይሠራም፣ በዓይን ግን ሁለቱ አይለዩም። ፌልድማን ራሱ ይህ ጥሩ እንዳልነበር ኋላ ተናግሯል። ያልቀየረው ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደርዘን የሚሆኑ ወዳጆቹ መጠቀም ስለጀመሩ እነሱን ላለማስቸገር ነው። አሥራ ሁለት ሰው ላለማስቸገር የተተወች ታብ ከዚያ ወዲህ ስንቱን ፕሮግራመር አስለቅሳለች!

ሃያው ጥያቄ

በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን ነጻ ሲስተም እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ1987 የግኑ ሲ ኮምፓይለር ወጣ። አሁን ሶርስ ኮዱ ብቻ ሳይሆን ኮምፓይለሩም በማንም እጅ ሊገባ ቻለ። ችግሩ ዩኒክስ በዚያ ጊዜ አንድ አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ዩኒክስ ይሸጥ ነበር። በአንዱ ያለው ላይብረሪ በሌላው የለም፤ ካለም ስሙ ሌላ ነው።

በሰኔ 1991 ዴቪድ ማኬንዚ የተባለ ሰው በርካታ የግኑ ፕሮግራሞችን ይንከባከብ ነበር። ፕሮግራሞቹን መጫን የሚፈልግ ሰው ኮምፓይል ከማድረጉ በፊት ሃያ የሚሆኑ ምርጫዎችን በእጁ መሙላት ነበረበት፦ ማሽንህ ይህ አለው? ያኛው አለው? ተጠቃሚው ከየት ያውቃል? ማኬንዚ ራሱም አዲስ እትም ባወጣ ቁጥር በብዙ ማሽን ላይ መፈተሽ ሰልችቶታል። ስለዚህ መልሱን ራሷ የምትገምት ትንሽ ስክሪፕት ጻፈ። ይህች ስክሪፕት አድጋ አውቶኮንፍ ሆነች።

በኛ ስክሪን ላይ «አለ? አለ» ስትል የነበረችው የዚችው የልጅ ልጅ ናት። ጥበቧ እዚህ ላይ ነው፦ ማሽኑን ስሙን አትጠይቀውም፤ ትፈትነዋለች። ሁለት መስመር ፕሮግራም ትጽፍና ኮምፓይል ለማድረግ ትሞክራለች። ከሆነ «አለ»፣ ካልሆነ «የለም»። አንዳንድ ጊዜ እንግዲህ «የለም» ስትል «ሞክሬ አልሆነልኝም» ማለቷ ነው። ያኔ ይህን ብናውቅ ኖሮ ሙከራዎቿን ሁሉ የምትመዘግብበትን ፋይል ከፍተን እውነተኛውን ምክንያት እናነብ ነበር። እኛ ግን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አንብበን ወደ ካፌ እንሮጣለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ምልክት አድርጉልን። ይህች «ኮንፊገር» የምትባል ስክሪፕት በሰው እጅ አትጻፍም፤ በአውቶኮንፍ ተመርታ የምትወጣ ናት። ብዙ ሺህ መስመር ልትሆን ትችላለች። ማን ያነባታል? ማንም። ወደዚህች «ማንም» እንመለሳለን።

ታላቃችን ምን አለን?

አሁን ወደ ሲዲዎቹ። ላይብረሪ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የተዘጋጀው ፕሮግራም በሚሮጥበት ጊዜ የሚጠራው ራሱ ላይብረሪው ነው። ሁለተኛው አዲስ ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ ኮምፓይለሩ የሚያነባቸው መግለጫ ፋይሎች ናቸው፤ በላይብረሪው ውስጥ ምን ምን እንዳለና እንዴት እንደሚጠራ የሚናገሩ። ተራ ተጠቃሚ ሁለተኛውን ስለማይፈልግ ዴቢያንን የመሳሰሉ ስርጭቶች ለይተው ያስቀምጡታል። ዴቢያን በስሙ መጨረሻ ላይ «ዴቭ» ይጨምርበታል፤ ሬድ ሃት «ዴቬል»።

ታላቃችን ያለን ይህንን ነው። ጂሊብም ጂቲኬም ፓንጎም ከመጀመሪያው ኮምፒውተራችን ላይ ነበሩ፤ አሮጌው ጌይም ይሠራ የነበረው በነሱ ነው። የጎደሉት መግለጫዎቹ ናቸው፤ እነሱም ከያዝናቸው ሲዲዎች በአንዱ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ሁለት ሳምንት፣ ያ ሁሉ ጭቃና ያ ሁሉ ሳንቲም፣ ጠረጴዛችን ላይ ለነበረ ነገር! ዛሬም ኮምፓይል ሲያደርግ «ጭኜዋለሁ እኮ፣ ለምን የለም ይለኛል?» የሚል ወዳጅ ካላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ መልሱ ይሄው ነው።

ለመሆኑ ግን ላይብረሪውን ለምን በጋራ ማስቀመጥ አስፈለገ? እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ይዞ ቢመጣስ? በመጋቢት 2002 መልሱ በግልጽ ታየ። ዚሊብ በተባለች ፋይል የምታጨቅና የምትዘረግፍ ትንሽ ላይብረሪ ውስጥ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። የጋራዋን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች እሷ አንዴ ስትስተካከል አብረው ዳኑ። የራሳቸውን ቅጂ በሆዳቸው የያዙት ግን አንድ በአንድ መታደን ነበረባቸው። በጋራ መኖር ዋጋው ይህ ነው፦ ሲጎድል ለሁሉም ይጎድላል፣ ሲድን ለሁሉም ይድናል።

የዴብራና የኢያን ልጅ

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲያወጣ የተለቀቀው የሲስተሙ አስኳል ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ሰብስቦ በዲስኬት ማደል የሌሎች ሥራ ሆነ። በሐምሌ 1993 ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ስላክዌርን አወጣ። ስላክዌር ፓኬጅ ይጭናል እንጂ «ይህ ፓኬጅ ያንን ይፈልጋል» ብሎ አይፈትሽም፤ ፍልስፍናው «ባለቤቱ ያውቃል» ነው። በወሩ፣ በነሐሴ 1993፣ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢያን መርዶክ ዴቢያንን አስታወቀ። ስሙን የሠራው ከፍቅረኛው ከዴብራና ከራሱ ስም ነው።

ዴቢያን ፓኬጆቹን የሚጭንበት ዲፒኬጂ የተባለ መሣሪያ ነበረው፤ በ1994 ኢያን ጃክሰን ዋና ክፍሉን በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። በ1995 ደግሞ ሬድ ሃት አርፒኤምን ይዞ መጣ። አሁን እያንዳንዱ ፓኬጅ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች በራሱ ላይ ጽፎ ይመጣል። የጎደለ ካለ መሣሪያው ይነግራችኋል፤ ለመጫንም እንቢ ይላል። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ይነግራችኋል እንጂ አያመጣላችሁም። አንዱን ስታመጡ ሌላውን ይጠይቃል፣ ሌላው ሌላውን፤ አንዳንዴም ሀ ያለ ለ አልጫንም፣ ለም ያለ ሀ አልጫንም ይላሉ። ፈረንጆቹ ለዚህ ያወጡለት ስም «የዲፔንደንሲ ሲኦል» ነው። እኛ በጭቃ የተመላለስንበት መንገድ መሆኑ ነው።

ከሲኦሉ ያወጣው አፕት ነው። በመጋቢት 1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ለሕዝብ ደረሰ። አፕት የአንዱን ፓኬጅ ስም ስትነግሩት ዝርዝሩን ሁሉ አስልቶ፣ የጎደሉትን ሁሉ ራሱ አውርዶ፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ይጭናል። ለኮምፓይል የሚያስፈልጉትንም «ቢልድ-ዴፕ» በምትባል አንዲት ትእዛዝ ሰብስቦ ያመጣል። የሬድ ሃት ወገንም አልቀረም፤ በኅዳር 2003 የወጣው የመጀመሪያው ፌዶራ ያም የተባለውን አቻ መሣሪያ ይዞ ነበር።

አሁን ግን ልብ በሉ። አፕት «ራሱ ያወርዳል» ስንል ኢንተርኔት አለ ብለን ነው። በኛ አገር ያኔ ያልነበረው ይሄው ነው። ለኛ አፕት ማለት የሲዲ ክምር ነበር። በሰኔ 2005 የወጣው ዴቢያን 3.1 ከ15,000 በላይ ፓኬጆችን ይዞ በ14 ሲዲ ነው የመጣው። አሥራ አራቱንም የያዘ ሰው በሰፈሩ እንደ ባለ ወፍጮ ነበር፤ ሁሉም ወደሱ ይመጣል። ኡቡንቱ ደግሞ በ2004 መጨረሻ ሲመጣ ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልክ ጀመር፤ እስከ 2011ም ቀጠለበት። ከጓደኞቻችን መካከል በፖስታ ሳጥን ያዘዙና ፖስታውን እስከ ዛሬ ያልጣሉ አሉ።

ይህን ሁሉ ምቾት የናቁም ነበሩ። ዳንኤል ሮቢንስ በ2002 የመጀመሪያውን እትም ያወጣለት ጄንቱ ሁሉንም ነገር ከሶርስ ኮዱ በራስ ማሽን ላይ ኮምፓይል የሚያደርግ ስርጭት ነው። ጥገኝነቱን ራሱ ይፈልጋል፤ ኮምፓይሉን ግን እናንተው ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ኦፕን ኦፊስን የመሰለ ትልቅ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ከመካከላችን አንዱ ሞክሮት ነበር። መብራት ኃይል ሳይስማማ ቀረ።

ያቺ ግማሽ ሰከንድ

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመርሳት ታሪክ ነው። ኢንተርኔቱ ፈጠነ፣ ስልኩ መጣ፣ «ጫን» የሚል ቁልፍ መጣ። እንደ ፍላትፓክና ስናፕ ያሉ ዘዴዎች ፕሮግራሙን ከብዙ ላይብረሪው ጋር አጭቀው ያቀርቡት ጀመር፤ ከ2002 ትምህርት ጋር እየተከራከሩም ቢሆን። ወጣቱ ፕሮግራመር በአንዲት መስመር ትእዛዝ መቶ ላይብረሪ ያመጣል፤ የአንዱንም ስም አያውቅም። በመጋቢት 2016 ሌፍት-ፓድ የምትባል አሥራ አንድ መስመር ኮድ ጸሐፊው ተቀይሞ ከማከማቻው ሲያነሳት፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች ኮምፓይል መሆን አቃታቸው። ሰው ሳቀና አለፈው።

መጋቢት 29 ቀን 2024 ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር የሚሞክረው ዴቢያን ላይ ከርቀት ወደ ማሽን የሚያስገባው ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ገደማ እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ብንሆን «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። እሱ ግን አላለፈውም፤ ሲያጠና ኤክስዜድ በተባለ የማጨቂያ ላይብረሪ ውስጥ የተቀበረ ሚስጥራዊ የኋላ በር አገኘ። ያ በር ቢስፋፋ ኖሮ ቁልፉን የያዘው ሰው ወደ ብዙ ሰርቨሮች እንደ ራሱ ቤት መግባት ይችል ነበር። ደግነቱ ገና የሙከራ እትሞች ላይ እያለ ተያዘ።

እንዴት ገባ? እዚህ ላይ ነው የኛ ታሪክ የሚዘጋው። ኤስኤስኤች ራሱ ኤክስዜድን አይፈልግም። አንዳንድ ስርጭቶች ግን ኤስኤስኤችን ከሲስተምዲ ጋር አያይዘውታል፤ ሲስተምዲ ደግሞ ኤክስዜድን ይጠራል። የጥገኛ ጥገኛ። የተደበቀበትስ ቦታ? ዋናው መርዝ የሙከራ ፋይል መስሎ ተቀምጧል፤ መርዙን አውጥቶ ኮምፓይሉ ውስጥ የሚጨምረው ትእዛዝ ደግሞ በይፋዊው የሶርስ ጥቅል ውስጥ፣ «ኮንፊገር»ን በሚያመርቱት ፋይሎች መካከል ነበር። ሰው ሁሉ በሚያየው የኮዱ መዝገብ ላይ ያ ፋይል የለም። ምልክት አድርጉልን ያልናችሁን «ማንም» አስታወሳችሁ? ማንም የማያነባትን ቦታ አንድ ሰው አንብቧት ነበር፤ ሌባው።

ኬን ቶምፕሰን፣ ያው የዩኒክሱ ሰው፣ በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ላይ ይህን የመሰለ ነገር አስጠንቅቆ ነበር። ሶርስ ኮዱን መስመር በመስመር ብታነቡ እንኳ ኮምፓይለሩ ራሱ ከተበከለ ምንም አታዩም፤ በመጨረሻ የምታምኑት ኮዱን ሳይሆን የጻፈውን ሰው ነው። አርባ ዓመት ሞላው።

ሰውየውስ? ኤክስዜድን ለዓመታት ሲንከባከብ የኖረው አንድ ፈቃደኛ ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜው። በ2022 ድካሙንና የጤናውን ሁኔታ በግልጽ ተናግሮ ነበር። በዚያው ሰሞን ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች «ዘገየህ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ወጠሩት። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ትሁት ረዳት ደግሞ ከ2021 ጀምሮ አጠገቡ ነበር። የደከመ ሰው እገዛ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? አመነ። በዚያ እምነት ላይ ነው የኋላ በሩ የተሠራው። እኛ ሁላችን የምንጠቀምበትን ነገር አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት እያለ «ላግዝህ» ብሎ የመጣው ሌባው ሆነ። ይህ ያሳፍረናል። ሊያሳፍረንም ይገባል።

እንግዲህ

በዚያ ክረምት ስክሪኑ «የለም» ባለን ቁጥር እንናደድ ነበር። አሁን ስናስበው ግን፣ ያቺ ቃል ከነማን ጋር እንደምንኖር ያስተዋወቀችን ብቸኛ ነገር ናት። ፓንጎን የምናውቀው ስለጎደለ ነው። ስሙን ስናጣራ ከግሪክኛው «ሁሉ» እና ከጃፓንኛው «ቋንቋ» የተጋባ መሆኑን ሰማን። እውነትም የሁሉ ቋንቋ፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ፣ በዚያች የቻት መስኮት ላይ «ሰላም ነው?» የሚለውን ደርድሮ ያሳየን እሱ ነው። ፍሪታይፕ እያንዳንዱን ፊደል ሣለ፤ ፎንትኮንፊግ ፎንቱን ፈልጎ አመጣ። በአማርኛ እንድንጨዋወት ብለው የሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ አማርኛ አያውቁም።

ከሜክ እስከ አፕት፣ ከአፕት እስከ «ጫን» ቁልፍ ድረስ ያለው ታሪክ አንድ ነው፦ አንድ ሰው በሆነ ጣጣ ይማረራል፣ መሣሪያ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ጣጣውን አያይም። ይህ መልካም ነው፤ ማንም ወደ ጭቃው ይመለስ አንልም። ነገር ግን ጣጣው ሲሸፈን ጣጣውን የሚሸከሙት ሰዎችም አብረው ይሸፈናሉ። ዛሬ ባንኩም፣ ስልኩም፣ የአየር መንገድ ትኬቱም እነዚያ ስማቸው የማይታወቅ ላይብረሪዎች ላይ ቆሟል፤ አዲስ አበባ ላይ ሆነን የምንነካውም ጭምር።

ከናንተ መካከል ሊኑክስ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ከምትወዱት ፕሮግራም አንዱን ምረጡና የሚመካባቸውን ላይብረሪዎች ዝርዝር አውጡ። ረጅም ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷን፣ ስሟን ሰምታችሁ የማታውቋትን፣ ምረጡና ማን እንደሚንከባከባት እዩ። ምናልባት አንድ ሰው ነው። ኮድ የምትችሉ ኮድ፣ የማትችሉ የስህተት ሪፖርት፣ እሱም ካልሆነ አንዲት የምስጋና መስመር ጻፉለት። እኛ ሰሞኑን ለፎንትኮንፊግ ሰዎች ጽፈናል፤ ሃያ ዓመት ዘግይተን።

ጌይም? አዎ፣ በመጨረሻ ኮምፓይል ሆነ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ተከፈተ። ኢንተርኔት ግን ቤት ውስጥ አልነበረንም፤ አራታችንም ይህን ያስታወስነው ያን ጊዜ ነው።